«ፊቷ የረገበ ሴት ራሷን የጣለች ናት» ስለተባለው ነገር

ካዛንቺስ ያደገች፦
ትናንት ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሹፌሩ ኤፍኤም ከፍቷል። አንዲት የውበት ባለሙያ ተጋብዛ ስለ ቆዳ ታወራለች። ደህና ስትናገር ቆይታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከ40 በኋላ ፊቷ የረገበ ሴት ራሷን የጣለች ሴት ናት።» አቅራቢውም «ትክክል» ብሎ ወደ ዘፈን አለፈ። ደሜ ፈላ።

49 ዓመቴ ነው። ጉንጬ ወርዷል። አገጬ ሥር ያለው ቆዳ ላልቷል። ባለፈው ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ጎንበስ ብዬ ስነካካው ካሜራው ተከፈተና እናቴን ያየሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። የታክሲ ረዳቶችም «እህት» ማለቱን ትተው «ማዘር፣ ጠጋ በይ» ማለት ጀምረዋል። ይሁን። ግን ራሴን አልጣልኩም። ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ አንድ ቀን ሥራ ቀርቼ አላውቅም። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ከወጣ በኋላ ለፊቴ ምን ይተርፈኛል? ያቺ ሴት የዘረዘረችውን ሕክምና ጠይቄ አውቃለሁ። አንዱ ዙር ብቻ ከወር ደመወዜ ይበልጣል። በሬዲዮ እንዲህ መባል አለበት ወይ?

የፒያሳ ፀጉር ቤት፦
እህቴ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ። በክፋት የተናገረችው አልመሰለኝም። 17 ዓመት ሙሉ የሴት ፊት ሳይ ነው የኖርኩት። ሜካፗን ሳታስለቅቅ የምትተኛ አለች። ሎሽን እጇንና እግሯን ቀብታ አንገቷን የምትረሳ አለች። መጣል ማለት ይሄ ነው፣ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። የእንቁላል ነጩን ለይቶ በሳምንት ሁለቴ መቀባት ስንት ብር ይፈጃል? ደንበኞቼ ሲታጠቡት ፊታቸው ውጥር ብሎ ነው የሚወጡት።

ካዛንቺስ ያደገች፦
«መጣል ማለት ይሄ ነው» አልሽ? የሚጣለው ዕቃ ነው፣ ቆሻሻ ነው። አንገቷን ሎሽን ያልቀባች ሴት ራሷን ጣለች ይባላል እንዴ?

ስድስት ኪሎ ነዋሪ፦
ልጆቼ፣ እኔ 66 ዓመቴ ነው። በእኛ ጊዜ «ራሷን ጣለች» የምትባለው መጠጥ የያዛት፣ ቤቷን የበተነች ሴት ነበረች። ጉንጭ ስለወረደ ማንም እንዲህ አይባልም ነበር። እናቴ ፊቷ ረግቦ፣ ተሸብሽቦ ሞተች። ሰፈሩ ሁሉ ሲያከብራት ነው የኖረው። ቃሉን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ።

ለገሃር፦
ሰው ያረጃል፣ አለቀ። ደግሞ የእኛ ቆዳ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ አይጎዳውም። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጭንቀት ነው። 22 ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ፣ አንድ ቀን ቅባት ቀብቼ አላውቅም። ማዘር፣ አትጨነቂ።

ካዛንቺስ ያደገች፦
«ማዘር» አትበለኝ። አሁን አይደል እንዴ የጻፍኩት?

ለገሃር፦
አክብሬ ነው ያልኩሽ። እናት መባል ስድብ ሆነ?

ስድስት ኪሎ ነዋሪ፦
የሚያከብር ሰው «አንቺ» አይልም፣ ልጄ። ወይ እህቴ በላት፣ ወይ አንቱ በላት። ሁለቱን አትደባልቅ።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፦
ስታዲየም አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። «ፊት የሚያጠብቅ ክሬም አለ?» ተብዬ ሳልጠየቅ የምውልበት ቀን የለም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ላስቲኩ የላላ ጉርድ ታውቃላችሁ? ቆዳን ወጥረው የሚይዙት ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉ ነገሮች ናቸው። በዕድሜ ይቀንሳሉ። ሴት ልጅ ስታርጥ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 5 ዓመታት ከቆዳ ኮላጅን 30 በመቶ ገደማ ይሄዳል። ፊቷን ታጠበችም አልታጠበችም ይሄዳል። ከቆዳው ሥር ያለው ስብም ይሳሳል፣ ቦታውንም ይለቃል። የፊት አጥንትም ይቀንሳል። ድንኳኑ ብቻ አይደለም ያረጀው፣ ምሰሶውም አጥሯል። ከላይ የተቀባ ክሬም እዚያ አይደርስም። ኮላጅን ያለበት ክሬም ራሱ፣ ኮላጅኑ ትልቅ ስለሆነ ቆዳ አልፎ አይገባም። ያለሰልሳል እንጂ ጉንጭ አያነሳም።

እንቁላል ነጩም ሲደርቅ ነው የሚወጥረው። ከታጠበ በኋላ ብዙ አይቆይም። ለሠርግ ጠዋት ጥሩ ነው። ለዕድሜ መድኃኒት አይሆንም።

ወንድም ለገሃር፣ ጥቁር ቆዳ የተሻለ መከላከያ እንዳለው እውነት ነው። ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ አይታወቀንም እንጂ ይጠብሰናል። ሹፌር ነኝ ስላልክ ይህንን ስማ። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ነው። የፊቱ ግራ በኩል ከቀኙ በጣም የረገበና የተጨማደደ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለው ማለት ነው። የመኪና የፊት መስታወት ድርብ ስለሆነ አብዛኛውን ጨረር ያስቀራል፣ የጎኑ መስታወት ግን ከፊሉን ያሳልፋል። እዚህም መሪው በግራ ነው።

ለገሃር፦
ፈረንጅ ነዋ ሰውየው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ክሬም ታወራላችሁ። ጥርስን የሚያነሳ ጠፋ። እናቴ መንጋጋ ጥርሷ ሲያማት ማስሞላት ውድ ስለሆነባት አስነቀለችው። ቀጥሎ ሌላ። በ6 ዓመት ውስጥ አምስት አስነቀለች። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከአፏ ጥግ እስከ አገጯ ሁለት መስመር ወረደ። ሻይ ስትጠጣ ከንፈሯ ብርጭቆውን በደንብ አይዝም ነበር፣ በመሐረብ አገጯን ትጠርጋለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ የምትገዛው የፊት ቅባት ነበር! በመጨረሻ ተዋጥተን የሚወልቅና የሚገባ ጥርስ አሠራንላት። በዚያው ቀን ፊቷ ሞላ። ጥርስ ሲነቀል የተሸከመው አጥንት እየሟሸሸ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ነው ሐኪሙ የነገረን። ቀድሞ የነገረን አልነበረም። «ራሷን ጣለች» የምትሉ ሰዎች፣ የጥርስ ማስሞያ ዋጋ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

የፒያሳ ፀጉር ቤት፦
አዝናለሁ ለእናትሽ። ግን እኔ ስለ ጥርስ አላወራሁም። አሁንም የምለው፣ በትንሽ ነገር ራስን መንከባከብ ይቻላል። የፊት ማሳጅና የፊት ስፖርት ለምሳሌ ነጻ ነው። የፊት ስፖርቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አጥንቶታል። የሴቶቹ ጉንጭ ሞልቷል፣ ፎቶውን ያዩት ሐኪሞችም 3 ዓመት ገደማ ቀንሰው ገምተዋቸዋል። እኔ ዝም ብዬ አላወራም።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፦
ጥናቱ እውነት ነው። ግን ሙሉውን እንናገር። 27 ሴቶች ጀመሩ፣ የጨረሱት 16 ናቸው። ሳይሠራ የተነጻጸረ ሌላ ቡድን አልነበረም። ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት በየቀኑ 30 ደቂቃ ነበር የሚሠሩት፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለሉ እስከ 20 ሳምንት።

ካዛንቺስ ያደገች፦
30 ደቂቃ! ነጻ ነው የምትሉት ይሄንን ነው? በቀን 30 ደቂቃ ቁጭ ብዬ ጉንጬን የማነሳበት ጊዜ ቢኖረኝ እተኛበት ነበር። ብር የለኝም ስል እንቁላል፣ እንቁላል አይሠራም ሲባል ጊዜ። ጊዜም ብር ነው እኮ። ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት የሚሠራ ሰው ጊዜ ከየት ያመጣል?

የፒያሳ ፀጉር ቤት፦
እኔ ከማለዳ እስከ ማታ ቆሜ ነው የምውለው፣ እህቴ። የእኔም እግር ያብጣል። ቢሆንም ከመተኛቴ በፊት 5 ደቂቃ ለፊቴ አላጣም።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ፣ በቅሬታ አይደለም። ፀጉር ቤቶች በትንሽ ብልቃጥ እያደባለቁ የሚሸጡት ፊት የሚያነጣ ክሬም አለ። ጽሑፍ የለውም። ከሰፈሩ ሴቶች መድኃኒት ቤት ይዘውብኝ የመጡ አሉ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒቶች አሉ። ሐኪም ሳያዝ ለወራት ሲቀባ ቆዳን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳሳዋል። ፊት ያለጊዜው እንዲረግብ ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ነው። አንቺ ትሸጫለሽ?

የፒያሳ ፀጉር ቤት፦
አልሸጥም! ሸጬም አላውቅም። የሠራተኛ ሁሉ ስም አታጥፋ። ማድያት ያለባት ሴት ስትመጣ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ ብዬ አለርት ሆስፒታል የላክኋቸው ብዙ ናቸው።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፦
ይቅርታ። ጥያቄ ነበር። አለርት መላክሽ ትልቅ ነገር ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እና በትንሽ ብር ምን እናድርግ? ያንን ተናገርና እንገላገል።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፦
የረገበውን ወደ ላይ የሚያነሳ ርካሽ ነገር የለም። ይህን እያወቅን እንግዛ። የሚቻለው እንዳይብስ ማድረግ ነው። አንደኛ ዣንጥላ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 10 ሰዓት። አንዴ ተገዝቶ ዓመታት ያገለግላል። ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ መግዛት የሚችል ካለ፣ 30 የሚለው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ገደማ ያስቀራል፣ 50 የሚለው 98። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ላይ ገንዘብ አትጨርሱ። ግን እንደ ሽቶ ነካ ነካ አይደለም። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት፣ ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ። ሲሰላ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ዣንጥላውን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ለደረቅ ቆዳ ቫዝሊን በቂ ነው። ሎሚ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ፣ ያቃጥላል። ሲጋራም ቆዳ ያረግባል። ማታ የሚቀባ ትሬቲኖይን የሚባል ክሬም አለ፣ ቦቶክስና ፊለር ከሚባሉት የፊት መርፌዎች ጋር ሲተያይ ዋጋው ትንሽ ነው። ጥቃቅን መስመሮችን በወራት ውስጥ ይቀንሳል፣ የወረደ ጉንጭ ግን አያነሳም። መጀመሪያ ላይ ይልጣል፣ ነፍሰ ጡር አትቀባውም፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ስድስት ኪሎ ነዋሪ፦
እኛ ነጠላችንን ግንባራችን ድረስ ስበን ነበር የምንሄደው። ዣንጥላም ከእጃችን አይጠፋም ነበር። አሁን ልጆቹ ያፍራሉ። ዝናብ ሳይዘንብ ዣንጥላ ከዘረጋሽ «የገጠር ሴት መሰልሽ» ይሉሻል።

ካዛንቺስ ያደገች፦
እውነትዎን ነው፣ እትዬ። እኔም አፍር ነበር። ነገ ይዤ እወጣለሁ።

ለገሃር፦
አሁን መስታወት ፊት ቆሜ አየሁ። ግራ ጉንጬ ከዓይኔ ሥር ትንሽ ወረድ ብሏል። በግራ ጎኔ ስለምተኛ ይሆናል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
22 ዓመት በግራ መስኮት በኩል ተቀምጠህ?

ለገሃር፦
በግራ ጎኔ ነው የምተኛው አልኩ። ለመሆኑ ያ ሰንስክሪን ለወንድ ሌላ ነው ወይስ አንድ ነው?

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፦
አንድ ነው።

የፒያሳ ፀጉር ቤት፦
እንግዲህ ዣንጥላ ያዙ፣ ተቀቡ፣ ጥርስ አሳክሙ ተባለ። ይህ ራስን መንከባከብ አይደለም? ልጅቷ ሬዲዮ ላይ ያለችው ይህንኑ ነው። አነጋገሯ ሸካራ ሊሆን ይችላል እንጂ ሐሳቧ አልተሳሳተም።

ካዛንቺስ ያደገች፦
አይደለም። እሷ «ተንከባከቡ» አላለችም። «የጣለች ናት» ነው ያለችው። ያረጠች ሴት ኮላጅኗ 30 በመቶ ሲሄድ ማን ጣለው? እናቱ ጥርስ ማስሞላት ያልቻለችውን ልጅ ጠይቂው፣ ማን ጣላት? ለጣቢያው እጽፋለሁ። ፈርሙ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ልጅቷ ነኝ እንጂ ልጁ አይደለሁም። እፈርማለሁ።

የፒያሳ ፀጉር ቤት፦
እኔ አልፈርምም። ባለሙያ ሴትን በአንድ ቃል ከሥራዋ ማስነሳት አልወድም።

ካዛንቺስ ያደገች፦
ከሥራ ትነሳ ማን አለ? ቃሉን ትመልስ ነው ያልኩት።

ስድስት ኪሎ ነዋሪ፦
እኔም ስሜን አስገቡ። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፣ ያ ማታ የሚቀባው ለ66 ዓመት ሰው ይሆናል?

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፦
ይሆናል፣ እናቴ። መጀመሪያ ሐኪም ይዩዎት። ከታዘዘልዎት የአተር ፍሬ የምታህል፣ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ይጀምሩ። ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ አስቀድመው የሚያለሰልስ ክሬም ስስ አድርገው ይቀቡ።