በሚኒያፖሊስ የበረዶ ወራት ሞቆና አምሮ ስለ መልበስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ሚኒሶታዋ ከተማ ወደ ሚኒያፖሊስ የመጣሁት ባለፈው ነሐሴ ነው። ኖቬምበር ሳያልቅ ያሉኝን ሹራቦች ሁሉ ደራርቤ ብለብስም ብርዱ አልለቀቀኝም፤ መሥሪያ ቤት ስደርስም ልብሴ ተወጣጥሮና ተጨማድዶ ስለሚታይ እሳቀቃለሁ። ለጥምቀት ደግሞ የሐበሻ ቀሚሴን ሳልለብስ መዋል አልፈልግም። እዚህ የቆያችሁ ታላላቆቼ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደኅና መጣሽ። በዚህ ከተማ 16 የበረዶ ወራት አሳልፌአለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ደራርበሽ እየለበስሽ የሚበርድሽ ሹራቦችሽ የጥጥ ስለሆኑ ይመስለኛል። ጥጥ ላብን መጥጦ ይይዛል፤ አውቶቡስ ለመድረስ ፈጠን ብለሽ ሄደሽ ትንሽ ካላበሽ፣ ፌርማታ ላይ ስትቆሚ ያው እርጥበት የገላሽን ሙቀት ይወስደዋል። የበግ ሱፍ ግን እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል፤ የመንዝ ሰው ለደጋው ብርድ በርኖስና ዝተት ከበግ ጠጉር የሚሠራው በከንቱ አይደለም። ጋቢያችንም ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ሆኖ በድርቦቹ መካከል አየር ሲይዝ እጅግ ያሞቃል፤ የሚኒሶታን ንፋስ ግን አይመልስም።

ስለዚህ ከገላሽ ጀምሪ። ቆዳሽን የሚነካው ከላይም ከታችም ስስ የሜሪኖ ሱፍ ይሁን፤ እንደ ሌላው ሱፍ አይኮሰኩስም፣ ከሸሚዝና ከሱሪ ሥር አይታይም፣ ቶሎም አይሸትም። ውድ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ገዝተሽ እያፈራረቅሽ ብትለብሺ ይበቃል። ከእርሱ በላይ አንድ ጥሩ ሹራብ ከደረብሽ ሦስትና አራቱን ትተያለሽ።

ዋናው ገንዘብሽ ግን ለካፖርቱ ይውጣ፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ሰው ውጭ የሚያይሽ በእርሱ ነውና። ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ወገቡ ላይ ቅርጽ ያለውና የዝይ ወይም የዳክዬ ላባ የተሞላ ቢሆን እመርጣለሁ። ላባ ከራሰ ይጠፈጠፍና ሙቀቱን ያጣል፤ ሆኖም በከባዱ ብርድ እዚህ የሚወርደው በረዶ ደረቅ ስለሆነ ከልብስ ላይ ይራገፋል። ስትሞክሪው ሹራብሽን ለብሰሽ ይሁን፤ በጠባብ ካፖርት ውስጥ የተጨናነቀ ሹራብ አየር የሚይዝበት ቦታ ስለሚያጣ አያሞቅም፣ ልብስሽ የተወጣጠረውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ጥቁር ወይም ሰማያዊ ካፖርት ላይ አንድ ደማቅ የሱፍ ስካርፍ ሲጣል ፊትን ያበራል። በሚኒሶታ ልብስ ላይ የሽያጭ ታክስ እንደሌለም አትርሺ።

ስለ ጫማ አጥብቄ እለምንሻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ለመልኩ ብዬ ጠባብ ቦት ጫማ ገዛሁ፤ ባቡር ስጠብቅ የደነዘዙት የእግሬ ጣቶች ሙቀት ሲያገኙ ያሠቃዩኝን ሕመም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወፍራም የሱፍ ካልሲ የሚያስገባ ሰፋ ያለ ቦት ጫማ ግዢ፣ የቢሮ ጫማሽን በቦርሳ ያዢ። መሐል ከተማ የምትሠሪ ከሆነ ከ1962 ጀምሮ የተሠሩት ስካይዌዮች፣ ማለትም ከመንገዱ በላይ የተዘረጉት የተሸፈኑ መተላለፊያዎች፣ ብዙ ሕንፃዎችን ስለሚያገናኙ ውጭ ሳትወጪ ረጅም መንገድ መሄድ ትችያለሽ፤ ነገር ግን የሚከፈቱበት ሰዓት ስለሚለያይ እነርሱን ተማምነሽ ስስ ልብስ ለብሰሽ አትውጪ።

ጥምቀት እዚህ ከብርዱ ጫፍ ላይ ነው የሚውለው። እኔ ከሐበሻ ቀሚሴ ሥር ሜሪኖና ወፍራም የሱፍ ስታኪንግ እለብሳለሁ፤ ከላይ ነጣ ያለ ረጅም የሱፍ ካፖርት እደርብና የቀሚሱ ጥለት ከግርጌው ብቅ እንዲል አደርጋለሁ። ነጠላው ከስስ የሱፍ ኮፍያ በላይ ሲከናነቡት አምሮ ይቀመጣል። ትልልቅ የብረት ጉትቻ ግን ቅዝቃዜውን ወደ ጆሮ ስለሚያስገባ አዳራሽ ከገባሽ በኋላ አድርጊው።

ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 እዚህ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። በንፋሱ የተነሣ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ያህል ሲሰማ እንኳ የተገለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊጎዳ ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ከዓይንሽ በቀር ፊትሽ ሁሉ ይሸፈን፣ ጓንትሽም አራቱን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዘው ዓይነት ይሁን፤ ጣቶች እርስ በርሳቸው ይሞቃሉና።

ተጨማሪ መልስ፦ እህታችን ያሉትን ሁሉ እጋራለሁ፤ ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወፍራም ጃኬት የለበሰ ሕፃን በመኪና መቀመጫው ሲታሰር ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል፤ ግጭት ቢደርስ ግን ጃኬቱ ይታመቅና ቀበቶው ይላላል። እኛ ልጃችንን በሹራቡ ብቻ አስረን ጃኬቱን ከቀበቶው በላይ ወደ ፊት አዙረን እናለብሰዋለን፤ ከመነሣታችን በፊትም መኪናውን እናሞቃለን።