ምስጡ መቃኔን በላው፤ የምታውቁ መላ በሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የመኝታ ቤቴ በር መቃን ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። በጣት ጫን ሲሉት ግን ስርጉድ ይላል። ውስጡ ባዶ ነው፤ የቀረው ቀለሙና ትንሽ አፈር ብቻ ነው። ከወለሉ ጥግ ተነስቶ ግድግዳውን ይዞ የሚወጣ፣ እርሳስ የሚያህል የጭቃ መስመርም አለ። ጫፉን ሰበር ሳደርገው ነጫጭ ምስጦች ይተራመሳሉ። በማግስቱ ሳየው ስባሪውን በእርጥብ አፈር ደፍነውታል። ጉድ እኮ ነው!

ጎጇቸው ከመሬት በታች መሆኑ ገብቶኛል። የሚታዩትን ብፈጅ ንግሥቲቱ እንቁላል እየጣለች ትተካቸዋለች። ስለዚህ ላይ ላዩን መርጨት ብዙም አያዋጣም። እርጥበት እንደሚወዱም አውቃለሁ። ከግድግዳው ጀርባ የሻወር ቧንቧ ስለሚያልፍ፣ ያንጠባጥባል ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

አናጺው «ናፍጣ አፍስስበት» ይለኛል። እሳት የሚፈራ ሰው ይህን እንዴት ይሞክራል? ለዚያውም ልጆች ባሉበት ቤት!

የቸገረኝ ምርጫው ነው። ፊፕሮኒል የሚባል ፀረ ተባይ ያለበት መድኃኒት በቤቱ መሠረት ዙሪያ አፈሩ ውስጥ ማስገባት ይሻላል? ወይስ ሠራተኞቹ ምስጦች ወደ ጎጇቸው ይዘውት የሚገቡት፣ ቀስ ብሎ የሚገድለው መርዛማ ማጥመጃ? ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መድኃኒቱ እንዲደርስ የግድ መበሳት አለበት? መቃኑንስ አሁኑኑ ልቀይረው ወይስ ምስጡ መጥፋቱን እስካረጋግጥ ልታገሥ? በተለይ የሲሚንቶ ወለል ያለው ቤት ያሳከማችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደተወጣችሁት ንገሩኝ።