ክርክር፦ «ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የምሄደው በሩጫ ነበር» ምን ያህል ይታመናል?

መነሻ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት 114 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ስለ አስተዳደጋቸው ጠይቆ ነበር። ከማራቶን ሯጮቹ 68 በመቶው ትምህርት ቤት በሩጫ እንሄድ ነበር አሉ። ለንጽጽር ከተጠየቁት አትሌት ያልሆኑ ሰዎች ደግሞ 24 በመቶው። ታዳጊ ስንመለምል በዚህ እንመራ?

አሰልጣኝ፦ እንመራ እንጂ! የኃይሌ ገብረሥላሴን ሩጫ ያየ ሁሉ ያውቃል። ግራ ክንዱን አጠፍ ያደርጋል። ደብተር ይዞ ሲሮጥ የለመደው ነው። ሰውነት አይዋሽም።

የጤና መምህርት፦ ወንድሜ፣ ኃይሌን ማን ካደ? ጥያቄው ስለ ቁጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 73 የ14 ዓመት ልጆች ስለ ቤታቸውና ስለ ኑሯቸው ተጠየቁ። 67ቱ በ48 ዓመታቸው ያንኑ እንደገና ተጠየቁ። ትዝታቸው ከግምት ብዙም አልተሻለም። አትሌት ደግሞ ልጅነቱን ለስንት ጋዜጠኛ አውርቷል! ባለሱቁን ግን ማን ጠይቆት ያውቃል? ሮጦም ከሆነ ረስቶታል። ከ68 እና ከ24 ልዩነት ስንቱ የሩጫ፣ ስንቱ የማስታወስ ነው?

የአርሲ ልጅ፦ እኔም በዚያው መንገድ ነው ያደግኩት። ጠዋት እያወራን እንሄዳለን። ደወሉ ከሩቅ ሲሰማ ግን እግሬ አውጪኝ ነው፣ ያረፈደ ይገረፋላ። የመጨረሻዋን ዳገት በሩጫ እንወጣለን። ስለዚህ «ሮጫለሁ» ብል እውነቴን ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ካላችሁኝ ግን የማውቀው ሁለት ወንዝ መሻገሬን ነው።

አሰልጣኝ፦ እና ምን ይደረግ? ያኔ የሚመዘግብ አልነበረም።

የጤና መምህርት፦ ርቀቱማ ዛሬም ይለካል፤ መንደሩም ትምህርት ቤቱም የት እንደነበሩ ይታወቃል። አብረው የሄዱ እህት ወንድሞችን ለየብቻ መጠየቅ ይቻላል። ከሁሉም የሚሻለው የዛሬዎቹን ልጆች አሁኑኑ መዝግቦ ሲያድጉ ማየት ነው። በትዝታ ብቻ ልጅ መምረጥና መጣል ግን ግፍ ነው። የከተማ ልጅ ገና ሳይሞከር ይቀራል።

አሰልጣኝ፦ በመለካቱ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን መልሺልኝ። በዚያው ጥናት ከ5 እና ከ10 ሺህ ሜትር ሯጮች በሩጫ እንሄድ ነበር ያሉት 31 በመቶ ብቻ ናቸው። እነሱንም እኮ ጋዜጠኛ ይጠይቃቸዋል። ነገሩ ወሬ የወለደው ቢሆን ለምን 68 አላሉም?

የጤና መምህርት፦ ይሄ ጠንካራ ነጥብ ነው። ዝና ብቻውን ልዩነቱን አያብራራውም ማለት ነው። ለምልመላ ግን አሁንም አይበቃኝም።