ደረቱ የሚያፏጭ የ2 ዓመት ልጅ፦ ለጥናት ላስገባው ወይስ ይቅርብኝ?

የማሙሽ እናት (ሲያትል)

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ ስለ ዳይፐር ሽፍታ እንጂ ስለ ከባድ ነገር ጠይቄ አላውቅም። አሁን ግን ጨንቆኛል።

ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ከመስከረም ወዲህ አራት ጊዜ አፍኖታል። አጀማመሩ ሁሌም አንድ ነው። ከዴይኬር ንፍጡን ይዞ ይመጣል፣ በማግስቱ ሌሊት ሳሉ ይነሳል፣ በሦስተኛው ቀን ልብሱን ሳወልቅለት የጎድኑ መሃል ቆዳው ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ አያለሁ። ጆሮዬን ጀርባው ላይ ሳስጠጋ በበር ስንጥቅ እንደሚገባ ነፋስ ሲጥ ይላል። ባለፈው ተኝቶ ሳለ በስልኬ ሰዓት ይዤ ትንፋሹን ብቆጥር በደቂቃ 52 ሆነብኝ። ሁለቴ ኢመርጀንሲ ሄደናል።

ክርኑ እጥፋት ላይ ችፌ አለበት። አባቱም ልጅ እያለ አስም ነበረው፣ ቤተሰቡ ግን «ብርድ ነው» እያሉ ነው ያሳደጉት። ሐኪሟ «ገና ትንሽ ስለሆነ አስም ነው ብዬ አልፈርድም» አለችና ስለ አንድ ጥናት ነገረችን። ከሞቱ ባክቴሪያዎች የተሠራ ዱቄት በጁስ በጥብጦ መስጠት ነው፣ ጉንፋን በያዘው ቁጥር እንዳያፍነው። ግማሾቹ ልጆች እውነተኛውን ያገኛሉ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ዱቄት። ለማን የትኛው እንደደረሰ እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ።

እናቴ ከአዲስ በቫይበር «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት» ትለኛለች። ባለቤቴ «ልጄ ላይ ማንም አይሞክርም» ብሎ የፈቃድ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ገልብጦ ለጥፎታል፣ ነጩ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ። እስከ ሐሙስ መልስ ስጡን ብለዋል። ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ያስገባ አለ? ባዶው ቢደርሰውና ቢያፍነውስ?

ተጠራጣሪው

አታስገቢው። እኛን ስደተኞቹን ነው መሞከሪያ የሚያደርጉት። ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰሽ ጠዋት ጠዋት ስጪው፣ የእህቴ ልጅ በእሱ ነው የዳነው።

ጋሽ አውሮራ (ኮሎራዶ)

እህቴ፣ እኔ አስገብቻለሁ። ነገሩ የቆየ ነው፣ በፈረንጅ 2001 ግድም። ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት ተኩል ነበረች፣ ዛሬ ከእኔ የተሻለ መኪና ትነዳለች።

ዴንቨር የኤርፖርት ታክሲ በምነዳበት ጊዜ ነው። ጥናቱ ፒክ ይባል ነበር። በአምስት ከተሞች 285 ልጆች ገቡ፣ ሁሉም የሁለትና የሦስት ዓመት፣ ሁሉም እንደ ልጅሽ ደጋግሞ የሚያፍናቸው፣ ወላጅ አስም ያለበት፣ ወይም ችፌ ወይም ሌላ የአለርጂ ምልክት ያለባቸው። ጠዋት ሁለት ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት)፣ ማታ ሁለት ፓፍ፣ ስፔሰር የሚሉት ቱቦና ማስክ ተገጥሞ። ሁለት ዓመት እንዲህ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ዓመት ያለ ምንም ነገር መከታተል ብቻ። በፓፉ ውስጥ ወይ ፍሉቲካሶን የሚባል የሚሳብ ስቴሮይድ ነው፣ ወይ ባዶ።

መድኃኒቱ ሳል እንደሚያስታግስማ ያውቁት ነበር። የፈለጉት ሌላ ነው፦ በጨቅላነት ሁለት ዓመት ብንሰጥ፣ ካቆምን በኋላም አስሙ ሳይመጣ ይቀራል ወይ? ውጤቱ በ2006 ወጣ። አይቀርም። እየወሰዱ ሳሉ የእውነተኛው ልጆች ደህና ከረሙ፣ መታፈኑ ቀነሰ። ባቆሙ በዓመቱ ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። በላዩ ላይ የእውነተኛው ልጆች በሁለቱ ዓመት መጨረሻ በቁመት 1.1 ሳንቲሜትር ገደማ አንሰው ተገኙ። ጥናቱ ባይኖር ኖሮ ሐኪሙ ሁሉ «አስም ይከላከላል» እያለ ለየሕፃኑ ያዝዘው ነበር።

የእኛ ልጅ? ባዶው ነበር የደረሳት። ሲነግሩን ባለቤቴ አንድ ሳምንት አኮረፈች፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ አየር ስናስተነፍሳት!» ብላ። እኔም ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ግን ባዶ ማለት ያለ ሕክምና መጣል ማለት አይደለም። ሲያፍናት የአየር ቧንቧ የሚከፍተው ሳልቡታሞል አለ፣ ሲብስ የሚዋጠው ስቴሮይድ አለ፣ ከዚያ ካለፈ በግልጽ እውነተኛውን መድኃኒት የሚጨምሩበት ደንብ ነበራቸው። ሌሊት ስደውል የሚያነሳ ስልክ ነበረኝ። ያኔ ኢንሹራንሳችን እንዴት ያለ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባዶው ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ቱሳን፣ አሪዞና ውስጥ ከ1980 ጀምሮ ተመራማሪዎች ከሺህ በላይ ሕፃናትን ከተወለዱ አንስቶ ተከታትለዋል። ከሦስት ዓመታቸው በፊት ደረታቸው ካፏጨው መካከል 60 በመቶው ግድም በስድስት ዓመታቸው ትቷቸው ተገኘ። በራሱ ጊዜ። እንግዲህ አስቢው፣ እንጥሉ የተቆረጠው ልጅም ይተወዋል፣ ጥቁር አዝሙድ የላሰውም ይተወዋል፣ ምስጋናውን ቆራጩና አክስትየው ይወስዳሉ። (ተጠራጣሪው አትቀየመኝ፣ እኔም ቤት ጥቁር አዝሙድ አለ።) የእኔም ልጅ ስድስት ሲሞላት ተዋት። ፓፉ ባዶ መሆኑን ባይነግሩኝ ኖሮ «ያ መድኃኒት አዳነልኝ» እያልኩ እስከ ዛሬ አወራ ነበር።

ሲስተር ከጅማ

እናትየዋ፣ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። እባክሽ እንጥሉን አታስነኪ። ደም አልቆም ብሎት፣ ቁስሉ አመርቅዞ የመጣ ልጅ በእጄ ይዣለሁ። ደረት የሚያፏጨው ከታች ያሉት ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ሲጠቡ ነው፣ እንጥል ከዚያ ጋር ምንም አያገናኘውም። ለእማማ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፦ «ሐኪም ከልክሎኛል።» ከእሳቸው ጋር በሳይንስ አትከራከሪ።

ትንፋሽ በመቁጠርሽ ጎበዝ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው የምንለው። 52 ሆኖ ጎድኑ ከተሰረጎደ ሳታቅማሚ ሂጂ።

እዚህ የኛ ችግር ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ሲጥ የሚለው ልጅ ሁሉ የሳንባ ምች ተብሎ አንቲባዮቲክ ይዞ ይሄዳል፣ ወይ የሳልቡታሞል ሽሮፕ ይሰጠዋል። ሽሮፑ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ልቡን ያስመታዋል እንጂ እንደ ፓፉ አይሠራም። ስፔሰር ሲጠፋ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እንሠራለን፦ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በስተን እዚያ መሰካት፣ የጠርሙሱን አፍ ልጁ አፍ ውስጥ ማድረግ። ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተፈትኖ ከፋብሪካው ስፔሰር እንደማያንስ የታየ ነው።

ስለ ባክቴሪያው ሳነብ ግን አገሬ ትዝ አለኝ። በ1997 በፈረንጅ የታተመ የጅማ ጥናት አለ፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ በዝቶ ነው የተገኘው። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን ከጥጃ ጋር ያደጉትን የአጎቴን ልጆች ነው ያሰብኩት።

ፋርማሲስቱ (ፍራንክፈርት)

ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ብታነቢልን ጥሩ ነበር። ኦኤም-85 ከሆነ እዚህ አውሮፓ ብሮንኮ-ቫክሶም እየተባለ ለአሥርት ዓመታት ተሸጧል። ከ8 ዓይነት ባክቴሪያ ፍርስራሽ የተሠራ ነው፣ ሕይወት የለውም፣ ኢንፌክሽን አያስይዝም። አሜሪካ ግን አልተፈቀደም።

ቱርክ ውስጥ በ75 ልጆች ላይ ተሞክሮ በ2010 የወጣ ጥናት፣ በዓመት የሚያፍናቸውን ጊዜ ከሲሶ በላይ ቀንሶታል ይላል። ደስ የሚል ቁጥር ነው፣ ግን 75 ልጅ ትንሽ ነው። በ2019 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ያለውን ማስረጃ ሁሉ መርምሮ፣ ለተደጋጋሚ የመተንፈሻ ኢንፌክሽን መከላከያነት ብቻ ይቆይ፣ አምራቾቹም ተጨማሪ ጥናት ያምጡ ብሏል። ስለዚህ «ይሠራ ይሆን?» የሚለው የእውነት ያልተመለሰ ጥያቄ ነው፣ አንቺን ሊያታልሉ አይደለም።

ባትገቡም ሐኪሟን ይህን ጠይቂያት። በ2011 የወጣ የ278 ልጆች ጥናት አለ፦ ቡደሶናይድ (ይህም የሚሳብ ስቴሮይድ ነው) በየማታው በትንሹ መስጠትና፣ ጉንፋኑ ሲጀምር ብቻ ለ7 ቀን በዛ አድርጎ መስጠት ተወዳደሩ። በመታፈን ብዛት ልዩነት አልተገኘም፣ ሁለተኛው ግን በዓመት ሲደመር በጣም ያነሰ መድኃኒት ነው። ለማሙሽ ይስማማው እንደሆነ እሷ ትወስን።

የማሙሽ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «አየር ስናስተነፍሳት» የሚለው ላይ ሲስቅ ወረቀቱን አነሳው። ሐሙስ አብረን ሄድን። እሱ ነው ሁሉን የጠየቀው፦ በመሃል ብንወጣ ምን ይሆናል፣ ደሙን የት ያስቀምጡታል፣ ባዶው የደረሰው ልጅ ቢያፍነው ማን ጋ ይደወላል። የጥናቱ ሠራተኛ ልጅ አንድ በአንድ መለሰችለት፣ አንዱን «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ብላ በማግስቱ ደወለች።

ግን ጥናቱ ውስጥ አልገባንም። ባለፈው ሳምንት ኢመርጀንሲ ፕሬድኒሶሎን (የሚዋጠውን ስቴሮይድ) ስለሰጡት አንድ ወር መቆየት አለበት አሉን። እስከዚያ ጉንፋን ሲይዘው ያንን የ7 ቀኑን እንሞክር ብላለች ሐኪሟ። የዱቄቱን ስም ለፋርማሲስቱ በውስጥ መስመር ልኬዋለሁ።

አሁን ችግሬ ማስኩ ነው። ገና ሲያየው ይጮሃል፣ ጭንቅላቱን ያዞራል፣ ሁለት ሰው ይዞትም አይቻልም።

ጋሽ አውሮራ (ኮሎራዶ)

አትያዙት፣ ሲያለቅስ ደረቱ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ነው። መድኃኒቱን አውጥታችሁ ባዶውን ስፔሰር መጀመሪያ አባቱ ያድርገው፣ ቀጥሎ አሻንጉሊቱ፣ እሱ መጨረሻ። ባለቀለም ተለጣፊ ነገር ለጥፉበት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ከመውጣቴ በፊት የአሳማ ድምፅ እያሰማሁ ማስክ አድርጌ ቆሜያለሁ፣ ጎረቤቴ አንድ ቀን በመስኮት አይቶኝ ሰላምታ አቁሞ ነበር።