የልጆች መጫወቻ ግቢ ለምታሰናዱ፦ ምኑን ግዙ፣ ምኑን ተዉ

የሕፃናት ማቆያ ልትከፍቱ ግቢ የተከራያችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ያለችውን ጥግ ለልጆች ማሳመር የምትፈልጉ፣ ይቺን ጥቆማ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ትንሽ ማቆያ አለኝ። ግቢውን ሁለቴ ነው የሠራሁት። ሁለተኛው የተሻለው ብዙ ስለወጣበት አይደለም፤ አፈር፣ ጥላና ተክል ስላስቀደምኩ ነው።

አርቴፊሻል ሳር አትግዙ። እኔ አንጥፌው አይቼዋለሁ። ያነጠፈልኝ ድርጅት ምንም አያስቸግርም ብሎኝ ነበር። በጋ ላይ ቀትር ሲሆን ግን በባዶ እግር አያስረግጥም። አንድ ልጅ ሽንቱ ካመለጠው ሽታው አይለቅም። በመጨረሻ አንስቼው ሰርዶ ተከልኩ። ሰርዶ ቢረገጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ክረምት ላይ ጭቃ አለው፣ እውነት ነው። ለልጆቹ ቦት ጫማ መግዛት ይቀላል።

የግቢ ዲዛይን የሚሠሩ ድርጅቶችንም አነጋግሬያለሁ። ሥዕላቸው ያምራል፤ ያሳዩኝ ግን አብዛኛው የማይነካ አበባ ነው። "ልጅ ቢረግጠው፣ ቢቀነጥሰውስ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ወይም ውሃ ከቋጠረ ለባለሙያ ክፈሉ፤ እዚያ ላይ አትቆጥቡ። ሜዳ ከሆነ አንድ ጎበዝ አትክልተኛና አንድ አናጢ ይበቃችኋል።

ችግኝ የገዛሁት መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ነው። ሰዎቹ ልምድ አላቸው፣ ያስረዳሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ልጆቹን ይዛችሁ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወይም እንጦጦ ፓርክ ሂዱ። ምን ሲነኩ፣ ምን ጋ ሲቆሙ እንደሚውሉ እዩ። የእኔዎቹ ሽታ ያለው ነገር ላይ ተጣበቁ፤ እኔም በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል ተከልኩ። ለጥላ ዋንዛ ምርጥ ነው፤ ፍሬውንም ይወዱታል። እስኪያድግ ድረስ የጥላ መረብ ወጥሩ።

አንድ ነገር አደራ። አጥሩ ቅንጭብ ከሆነ ንቀሉት፤ ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ጉሎና አስተናግርም ግቢ ውስጥ አይኑሩ። የጉሎ ፍሬ ያምራል፣ ልጅ ያነሳዋል፣ መርዝ ነው።

"ኬጂ" የምንለው ስም ራሱ "ኪንደርጋርተን" ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የመጣ ነው፤ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሩበል እ.ኤ.አ. በ1840 ለሕፃናት ማስተማሪያው ይህን ስም ሲሰጠው አትክልት መንከባከብ የልጆቹ የየቀኑ ሥራ አካል ነበር። እኔም ለየልጁ አንዳንድ ትንሽ መደብ ሰጠሁ። ጎመን የማይበላ የነበረ ልጅ የራሱን ጎመን ቆርጦ እናቱን "ቀቅይልኝ" አላት። ለዚህ መደብ ያወጣሁት የዘርና የፍግ ብቻ ነው። ከሁሉም የምኮራበት እሱ ነው።

መቀመጫና መንጠላጠያ ከባህር ዛፍ ግንድ ይሠራል። እንጨት መሸጫ ሄዳችሁ አጭር አጭር አድርጋችሁ አስቆርጡ፣ ቅርፊቱን አስልጡ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስፍቁ። ከብረት ዥዋዥዌ ይልቅ ልጆቹ እሱ ላይ ይቆያሉ። ቀርከሃ ለአጥርና ለትንሽ ጎጆ ያምራል፤ ግን ነቀዝ ይወደዋል፣ ዝናብም ያበሰብሰዋል። ቫርኒሽ የተቀባ፣ ከጣሪያ ሥር የሚሆን ከሆነ ብቻ ግዙት። አሮጌ ጎማ ርካሽ ነው፤ ሽቦው የወጣውን ግን አታስገቡ።

አሸዋ በጆንያ ይገኛል። የግንባታ ስለሆነ አስነፉትና አጥባችሁ ተጠቀሙ። ከሥሩ ድንጋይና ጠጠር ይግባ፤ አለዚያ ሐምሌ ላይ ኩሬ ይሆናል። ማታ ማታ በሸራ ሸፍኑት፣ ድመት ይጸዳዳበታል።

ለጭቃ ጨዋታ የሚሆን ዕቃ ለመግዛት ቀጨኔ ሂዱ። እዚያ ካሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ትንንሽ ገንቦና ድስት ገዛሁ። ቢሰበርም የሚያሳዝን አይደለም፤ ስብርባሪውን ግን ቶሎ አንሱ።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ክረምት ላይ ከአሸንዳ የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቅሙ። በርሜሉ ክዳኑ የሚቆለፍ ይሁን። ልጆቹ የሚጫወቱበትን ባልዲ ደግሞ ሲጨርሱ ወዲያው ድፉት። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃም ያሰጥመዋል።