ከሐይቁ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል የጀልባ መነሻ፦ ለጋራ ሐሳባችን የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የምናስገባው ሐሳብ ሁለት ነገር ይዟል፤ ወሎ ባለው የሐይቅ ሐይቅ ዳር የሚሠራው የጀልባ መነሻና በዚያው ቦታ ጠዋት ጠዋት የሚመዘገበው የውኃና የአዕዋፍ ሁኔታ። የመጀመሪያው ረቂቅ የድንጋይ ደረጃ ይላል። ሐይቁ ግን በወንዝ የሚወጣበት በር የለውም። ክረምት ይሞላል፣ በጋውን ፀሐይ እያተነነው ዳርቻው ይሸሻል። ደረጃው መስከረም ላይ ይሰጥማል፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ጭቃ መሐል ይቀራል። ሐሳባችሁን ከነልኩ ጻፉ።

አናጺ፦ ድንጋዩ ይቅርና ተንሳፋፊ እንሥራ። ክዳኑ በደንብ የታሸገ ባለ200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ሙሉ በሙሉ ከመስጠሙ በፊት 180 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ስምንቱ 1,440 ኪሎ ይሆናል። ከግማሽ በላይ እንዲጠልቅ ስለማንፈልግ 720 ብለን እንያዝ። 2.5 በ3 ሜትር የሆነው የባሕር ዛፍ ወለል ወደ 300 ኪሎ ይወስዳል፤ 420 ይቀራል፤ ይህ ስድስት ሰው ነው። ሰባተኛው መሬት ላይ ተራውን ይጠብቅ።

በርሜሎቹ አራት አራት ሆነው በሁለቱ ጠርዝ ይደርደሩ። መሐል ከተሰበሰቡ ሰው ሁሉ ወደ ጀልባው በኩል ሲጠጋ ወለሉ ይገለበጣል። ክዳኑ ወደ ላይ ይዙር። የናይሎን ገመድ ፀሐይ ስለሚበላው በብረት ቀበቶ ይታሰሩ። ወለሉን የሚይዙት ከሐይቁ ሥር የሚተከሉ አራት የብረት ቱቦዎች ናቸው፤ ቱቦው የሚገባበት ቀለበት ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑረው። ከጠበበ ውኃው ሲወርድ አንዱ ጥግ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጀልባ ነጂ፦ በአናጺው እስማማለሁ፣ ቦታው ላይ ግን ቃል ልጨምር። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝ ከሚገባበት አፍ እንራቅ። ሐምሌና ነሐሴ ደለሉን እዚያ ነው የሚያራግፈው። ጥልቀት በሌለው ቦታ የሞተሩ መዘውር፣ ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረው ክንፍ፣ ጭቃውን ያነሣዋል፤ ጭቃው የማቀዝቀዣውን የውኃ መግቢያ ይደፍናል፤ ሞተሩ ይግላል። ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን ውኃ ከተቋረጠ ወዲያው ይጥፋ፣ ‹ዳር ልድረስ› አይባልም። ስለዚህ ውኃው በጣም በወረደበት በሰኔ መግቢያ እንኳ ከወለሉ ፊት 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑር።

ሰዓቱም በሐሳቡ ይጻፍ። ጠዋት 12፡30 መነሣት፣ ከ4 ሰዓት በፊት መመለስ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ያይላል፤ ዝቅ ያለ ጎን ያለውን ጀልባ ማዕበሉ ውኃ ያስገባበታል። ነጎድጓድ ከተሰማ ማንም አይነሣ፤ የመጨረሻው ከተሰማ 30 ደቂቃ ይቆጠር። ለተሳፋሪው ልክ የላይፍ ጃኬት፣ የልጅም ጭምር፤ ትርፍ መቅዘፊያ፣ 20 ሜትር ገመድ፣ ውኃ መቅጃ ባልዲ፣ ትርፍ ካንዴላ።

ወፍ አስጎብኚ፦ ጠዋት መውጣቱ ለእኛም ይበጃል፤ ፀሐይዋ ከኋላችን ሆና ምዕራባዊው ዳርቻ ይበራል። ትልቁ ስሕተት በሞተር እስከ ፊላው ድረስ መግባት ነው። 100 ሜትር ሲቀር ሞተር ይጥፋ፣ በመቅዘፊያ ይቀጠል፣ 50 ሜትር ላይ ይቁም። ዳክዬዎቹ መብላት ትተው አንገታቸውን ካቀኑ ቀርበናል ማለት ነው፤ ዝም ብሎ ወደ ኋላ መቅዘፍ ነው። ጎጆ ያለበት ፊላ ጨርሶ አይነካ፤ እናቲቱ ስትነሣ እንቁላሉን ቁራ ይወስደዋል።

ከአውሮፓ የሚመጡት ከመስከረም እስከ መጋቢት ስለሚቆዩ ቆጠራው በነዚህ ወራት ይጥበቅ። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለ20 ደቂቃ። ቦታና ሰዓት የተቀያየረበት ቁጥር ከአምናው ጋር ሊመዛዘን አይችልም።

ሌላም አለ፣ እባካችሁ አይረሳ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች አይገቡም። ይህ ክፍያ ከመቀበላችን በፊት ይነገር። ገዳሙ አጠገብ ሞተር አይሰማ።

ዓሣ አስጋሪ፦ መረባችን መዘውር ላይ እየተጠመጠመ ሁለታችንንም ይጎዳል። ከእኛ በኩል በየመረቡ ጫፍ ቢጫ ባለ5 ሊትር ጀሪካን እናስራለን፤ እናንተም በሁለት ጀሪካን መሐል አትለፉ።

መዝገቡ ላይ የዓሣውም ሁኔታ ይግባ። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል፤ የታችኛው ውኃ ኦክስጅን የለውም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ የላዩ ሲቀዘቅዝ ከታችኛው ጋር ይደባለቃል፤ ያኔ ቆሮሶው ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ አንዳንዴም በብዛት ያልቃል። ወፍ በአንድ ቦታ ከወትሮው በላይ ሲሰበሰብ ጎብኚው ደስ ይለዋል፤ ምክንያቱ ግን ይኸው ሊሆን ይችላልና ሽታውንም ልብ በሉ፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በዚያ ቀን የሞተ ዓሣ ማንም አንሥቶ እንዳይሸጥ በሐሳቡ ይጻፍልን።

አስተባባሪ፦ አብሽሩ፣ ሁሉም ይገባል። የመዝገቡን አንቀጽ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የውኃው ከፍታ በሳንቲ ሜትር ከተለካው ዘንግ ይነበባል። ዘንጉ የሚተከለው ከተንሳፋፊው ተለይቶ ነው። ቢነቀል ተመልሶ በልኩ እንዲቆም ከፍታው ዳር ባለ ቋጥኝ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ውኃው ምን ያህል እንደጠራ ይለካል።» ለጥራቱ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ቆርቆሮ ይበቃል። ከሥሩ ድንጋይ ይታሰርበት፣ ገመዱ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይቋጠር። በጥላ በኩል ይውረድ፤ ቆርቆሮው ከዓይን የጠፋበትና ሲሳብ የታየበት ልክ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል።

አናጺ፦ እሺ። የቱቦውን ርዝመት ግን አሁን አትጻፉት። የታችኛው ጭቃ ስንት እንደሆነ በረጅም እንጨት በአራቱም ጥግ ወግተን እንለካ። እንጨቱ ከጠነከረው መሬት ከደረሰ በኋላ አንድ ሜትር ጨምሮ የሚገባ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ከላይ ደግሞ ከክረምቱ ከፍታ ሌላ አንድ ሜትር። ሳንለካ ከገዛን ቱቦው ያጥራል፣ መስከረም ላይ ወለሉ ከቀለበቱ ወጥቶ ይሄዳል።