ቺለራችን ከሰዓት በኋላ እየቆመ ተቸግረናል

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የወተት ማቀነባበሪያ በጥገና ክፍል እሠራለሁ። በአየር የሚቀዘቅዘው ቺለራችን (ውኃ ማቀዝቀዣ ማሽናችን) ጠዋት ያለ እንከን ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበረታ ግን የከፍተኛ ግፊት ምልክት አሳይቶ ይቆማል። አንድ ባለሙያ የማቀዝቀዣ ጋዝ አንሶታል ብሎ ቢጨምርበት ጭራሽ ባሰበት። አሁን በኩሊንግ ታወር (ውኃ እያተነነ ሙቀት በሚያስወጣ ማማ) በሚሠራ ቺለር ይቀየር የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ለመቀየር አትቸኩሉ። ቺለሩ ከውኃው የወሰደውን ሙቀት፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር የጨመረውንም አክሎ፣ በኮንደንሰሩ (ጋዙ ሙቀቱን ለቆ ፈሳሽ በሚሆንበት ክፍል) በኩል ለውጭ አየር ማስረከብ አለበት፤ አየሩ ካልተቀበለው ጋዙ ወደ ፈሳሽነት መመለስ ስለሚያቅተው ግፊቱ ከፍ ይላል። ጋዝ ሲያንስ ግፊቱ የሚወርድ በመሆኑ የተጨመረው ጋዝ ሕመሙን አባብሶታል። ኃይሉን ከዋናው ማብሪያ አጥፍታችሁ በኮንደንሰሩ አንድ ወገን ባትሪ አብሩና ከወዲያ ማዶ ተመልከቱ፤ ብርሃኑ በአሉሚኒየም ክንፎቹ መካከል ካላለፈ አቧራ ደፍኖታል ማለት ነው። ስታጥቡም ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ክንፎቹን በማያጣምም፣ ግፊቱ ቀላል በሆነ ውኃ ይሁን። ምክንያቱ ሳይታወቅ ደጋግሞ ማስነሣት ኮምፕሬሰሩን ይገድለዋልና እባካችሁ ተዉት።

መልስ፣ ከደሴ፦
በዚህ ላይ የከፍታውን ነገር ልጨምር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በመቶ 17 ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያሻግረው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ የቺለሩን አቅም በማሽኑ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ብቻ ሳይሆን አምራቹ ለከፍታ ባወጣው ማስተካከያ ለኩት። ኩሊንግ ታወር ደግሞ ውኃ ይጠጣል፤ ለ100 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም በሰዓት ከ150 ሊትር በላይ ይተናል፣ ደለሉን ለማስወገድ የሚደፋውና የውኃ ማከሚያው ሲታከልበት ወጪው ቀላል አይደለም። ይልቅ የአየሩን ሙቀት በጥላ ሥርና በኮንደንሰሩ መግቢያ ለኩና አነጻጽሩት።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ በስምንት ሰዓት ስለካ በጥላው 27፣ በመግቢያው 36 ዲግሪ አገኘሁ። ባለፈው ክረምት ከዝናብ ይጠበቅ ብለን ከፋኖቹ በላይ የሠራነው የቆርቆሮ ጣሪያ ትኩሱን አየር መልሶ ወደ መግቢያው ያወርደዋል። ነገ ጣሪያውን እናነሣለን፣ ኮንደንሰሩን እናጥባለን፤ ጋዙም ወጥቶ በሰሌዳው ላይ በተጻፈው ኪሎ መጠን እንደገና ይሞላል።